ከቁጥሮቹ የሚለየው የቱ ነው? ሁለት መልስ ለሚታያችሁ የአፕቲቲዩድ ተፈታኞች

ሐዋሳ ውስጥ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ለባንክ ቅጥር ፈተና ለሚዘጋጁ ተመራቂዎችና ለድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ለተመዘገቡ ሠራተኞች የአፕቲቲዩድ ክፍሉን አስጠናለሁ። ከቁጥር ጥያቄዎቹ መካከል ደጋግሞ የሚመጣብኝ አንዱ ነው፦ «አምስት ቁጥር ይሰጥና የሚለየውን ምረጡ ይላል። ለእኔ ግን ሁለቱ ይለዩብኛል። የቱን ልክበብ?» አንዱ በቴሌግራም ፎቶ ይልካል፣ ሌላዋ አቶቴ ባጃጅ ስጠብቅ ደብተሯን ዘርግታ ታሳየኛለች። ለሁሉም የምሰጠው መልስ ተመሳሳይ ስለሆነ ይኸው በደረጃ ጻፍኩት።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ላይ እንስማማ። ጥያቄው «የሚለየውን ምረጡ» ቢልም እናንተ የምትፈልጉት የቀሩትን የሚያስተሳስረውን ነው። ማንኛውም ቁጥር በሆነ ነገር ከጎረቤቶቹ ይለያል፤ አንዱ ትልቁ ነው፣ አንዱ በ5 ይካፈላል፣ አንዱ በ3 ይጀምራል። ልዩነት ከፈለጋችሁ ለአምስቱም ታገኛላችሁ። አራቱን አጥብቆ የሚይዝ ሕግ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያንን ሕግ በፍጥነት ለማግኘት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለካሬ ደብተር። ባለመስመሩም ይሠራል፤ ነገር ግን ልዩነቶችን በቁጥሮቹ መሐል አሰልፎ ለመጻፍ ካሬው ይረዳል፣ የተሰለፈ ነገር ላይ ስህተት ቶሎ ይታያል።
- እርሳስና ላጲስ።
- ሰዓት። ለልምምድ የስልካችሁ ሰዓት ቆጣሪ ይበቃል። ፈተና ላይ ስልክ ስለማይገባ የግድግዳ ወይም የእጅ ሰዓት እያያችሁ መሥራትንም ልመዱ።
- የልምምድ ጥያቄዎች። ኮፒ ቤቶች የሚሸጡት ጥራዝ ይበቃል።
- ካልኩሌተር አያስፈልግም። ብዙ ፈተናዎች ላይ አይፈቀድም፤ ቢፈቀድ እንኳ 143 የ11 እና የ13 ብዜት መሆኑን ካልኩሌተሩ ሳትጠይቁት አይነግራችሁም።

ማስጠንቀቂያ፦ በየኮፒ ቤቱ ከሚዞሩት ጥራዞች ጀርባ ያለውን የመልስ ዝርዝር በጭፍን አትመኑ። በእጅ ተገልብጦ፣ እንደገና ተተይቦ፣ ከሌላ ጥራዝ ተቀላቅሎ የመጣ ስለሆነ የተሳሳተ መልስ አይጠፋውም። ሕጉን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻላችሁ «መልሱ ሐ ነው» የሚለው ፊደል ብቻውን ምንም አያስተምራችሁም።

በቃል የሚያዙ ቁጥሮች

ይህ ክፍል አሰልቺ ነው፤ ግን የማይዘለል ነው። ጥያቄ አውጪዎች ቁጥሮችን ከሰማይ አያወርዱም፤ ከጥቂት የታወቁ ቤተሰቦች ይቀዳሉ። ቤተሰቦቹን የሚያውቅ ሰው ጥያቄውን ሲያነብ ግማሹን ፈትቶታል።

- በራሳቸው የተባዙ (ስኩዌር)፦ ከ1 እስከ 30 ያሉት። ቢያንስ እስከ 25 (625) ሳታስቡ መምጣት አለባቸው።
- ሦስት ጊዜ በራሳቸው የተባዙ (ኪዩብ)፦ 1፣ 8፣ 27፣ 64፣ 125፣ 216፣ 343፣ 512፣ 729፣ 1000።
- በእጥፍ የሚሄዱ፦ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64፣ 128፣ 256፣ 512፣ 1024።
- የሁለት ተከታታይ ቁጥሮች ብዜት፦ 2፣ 6፣ 12፣ 20፣ 30፣ 42፣ 56፣ 72፣ 90፣ 110። ይህን ቤተሰብ ብዙ ሰው አያጠናውም፤ ጥያቄ አውጪዎች ግን ይወዱታል።
- ፕራይም ቁጥሮች፣ ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር የማይካፈሉት። እስከ 100 ድረስ 25 ናቸው፦ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19፣ 23፣ 29፣ 31፣ 37፣ 41፣ 43፣ 47፣ 53፣ 59፣ 61፣ 67፣ 71፣ 73፣ 79፣ 83፣ 89፣ 97።

ከዚህ ጋር «አስመሳዮቹን» ለብቻ ያዙ። እነዚህ ፕራይም መስለው የሚያታልሉ ናቸው፦ 51 (3×17)፣ 57 (3×19)፣ 87 (3×29)፣ 91 (7×13)፣ 119 (7×17)፣ 133 (7×19)፣ 143 (11×13)፣ 161 (7×23)፣ 187 (11×17)፣ 209 (11×19)፣ 217 (7×31)፣ 221 (13×17)፣ 247 (13×19)። ከዚህ ዝርዝር አንዱን ፈተና ላይ ካያችሁ በአጋጣሚ የገባ አይመስለኝም፤ አውጪው ወጥመድ አስቀምጧል ብላችሁ ጠርጥሩ።

መለማመጃ ከፈለጋችሁ ከፒያሳ ወደ ሪፈራል በባጃጅ ስትሄዱ ከፊት ያለውን መኪና ታርጋ የመጨረሻ ሁለት አሃዞች እዩ። 87 ከሆነ «ሦስት በሃያ ዘጠኝ» በሉ። 97 ከሆነ «ፕራይም»። ገንዘብ አይጠይቅም፣ መብራት ቢጠፋም አይቋረጥም።

ደረጃ 1፦ የጥያቄውን ዓይነት ለዩ

አራት ዓይነት አለ፤ መፍቻቸውም ይለያያል።

አንደኛው ልቅ ዝርዝር ነው። ቁጥሮቹ ቦታ ቢቀያየሩ ጥያቄው አይለወጥም፤ ለምሳሌ 34፣ 91፣ 51፣ 119፣ 85። ሁለተኛው ተከታታይ ሆኖ አንዱ የተበላሸበት ነው፤ «የማይገባው የቱ ነው» ይላል። ሦስተኛው ጥንድ፣ አራተኛው ደግሞ ሦስት ሦስት ሆነው በቅንፍ የተቀመጡ ናቸው።

ይህን መለየት ለምን ያስፈልጋል? ተከታታዩን እንደ ልቅ ዝርዝር ያየ ሰው ፕራይም ሲፈልግ ደቂቃውን ይጨርሳል። መለያው ቀላል ነው፤ ቁጥሮቹ እያደጉ ወይም እየቀነሱ በቅደም ተከተል ከተጻፉ መጀመሪያ እንደ ተከታታይ ሞክሩት። ከተዘበራረቁ ልቅ ነው ብላችሁ ጀምሩ። ነገር ግን ልቅ ዝርዝርንም ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚጽፉ አውጪዎች ስላሉ የመጀመሪያው ሙከራ ካልሠራ ወደ ሌላው ዙሩ።

ደረጃ 2፦ ቁጥሮቹን አራርቃችሁ ገልብጡ

በመሐላቸው የጣት ያህል ቦታ ተዉ። ከላይ ስለ እያንዳንዱ ቁጥር ያወቃችሁትን፣ ከታች ልዩነቶቹን ትጽፋላችሁ። ፈተናው በኮምፒውተር ከሆነ ይህ ደረጃ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ስክሪኑ ላይ ማስታወሻ መያዝ ስለማይቻል ዓይን ተመላልሶ ይደክማል። ስትገለብጡ ቁጥር ላለመሳት አንዴ መልሳችሁ አንብቡ። 169ን 196 ብሎ የገለበጠ ሰው ቀጥሎ ምንም ቢሠራ አይድንም፤ ሁለቱም ስኩዌር ስለሆኑ ደግሞ ስህተቱን ቶሎ አያየውም።

ደረጃ 3፦ በቤተሰብ ፈትሹ

ከማካፈላችሁ በፊት በቃል ከያዛችኋቸው ቤተሰቦች ጋር አስተያዩ። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ ስኩዌር፣ ኪዩብ፣ የተከታታይ ብዜት፣ ፕራይም። ከዚያ ደግሞ አንድ ተደምሮባቸው ወይም አንድ ተቀንሶላቸው እንደሆነ እዩ።

ምሳሌ፦ 324፣ 441፣ 576፣ 628፣ 729። በራሱ የተባዛ ቁጥር መጨረሻው 0፣ 1፣ 4፣ 5፣ 6 ወይም 9 ነው፤ በ2፣ በ3፣ በ7 እና በ8 አያልቅም። 628 በ8 ስላለቀ ወዲያው ይወድቃል። የቀሩት የ18፣ የ21፣ የ24 እና የ27 ስኩዌሮች ናቸው። በሌላ መንገድም አረጋግጡ፤ አራቱም በ9 ይካፈላሉ፣ 628 ግን አሃዞቹ ሲደመሩ 16 ስለሚሆን አይካፈልም። ሁለት ሕጎች አንዱን ቁጥር ሲጠቁሙ ክበቡና እለፉ።

ሌላ ምሳሌ፦ 9፣ 28፣ 65፣ 126፣ 215፣ 344። ኪዩቦቹን በቃል የያዘ ሰው 8፣ 27፣ 64፣ 125 እና 343 አንድ አንድ ተደምሮባቸው ያያል። 215 ግን ከ216 አንድ የተቀነሰ ነው፤ መሆን የነበረበት 217 ነው። እዚህ ላይ የሚሳሳቱት «215 ከኪዩብ አጠገብ ነው፣ ስለዚህ ይገባል» የሚሉት ናቸው። ምልክቱን፣ መደመር ነው ወይስ መቀነስ የሚለውን፣ በየቁጥሩ ላይ ጻፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ የስኩዌሩ የመጨረሻ አሃዝ ዘዴ ለኪዩብ አይሠራም። ኪዩብ በማንኛውም አሃዝ ሊያልቅ ይችላል። ደግሞም ዘዴው ለመጣል እንጂ ለመቀበል አይሆንም፤ 54 በ4 ቢያልቅም ስኩዌር አይደለም።

ደረጃ 4፦ ወደ አካፋዮች በትኑ

ቤተሰቡ ካልታያችሁ እያንዳንዱን ቁጥር ወደ ፕራይም አካፋዮቹ በትኑ። ከላይ ያነሳሁትን 34፣ 91፣ 51፣ 119፣ 85 ውሰዱ። ላይ ላዩን ያየ ሰው 34ን ይከባል፤ ተጋማሽ እሱ ብቻ ነዋ። ሲበተኑ ግን 34 = 2×17፣ 51 = 3×17፣ 85 = 5×17፣ 119 = 7×17 ናቸው። 91 ደግሞ 7×13 ነው። 17 አራቱን ይዟል፤ መልሱ 91 ነው። 119 እና 91 ሁለቱም በ7 መካፈላቸው አውጪው ሆን ብሎ ያስቀመጠው ማዘናጊያ ነው።

ለመበተን የሚያፈጥኑ ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

- በ3 እና በ9፦ አሃዞቹን ደምሩ፤ ድምሩ ከተካፈለ ቁጥሩም ይካፈላል።
- በ4፦ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች ብቻ እዩ። በ8፦ የመጨረሻዎቹን ሦስት።
- በ7፦ የመጨረሻውን አሃዝ በ2 አባዝታችሁ ከቀረው ቀንሱ። ለ161፣ 16 ሲቀነስ 2 ይሆናል 14፤ 14 በ7 ስለሚካፈል 161ም ይካፈላል።
- በ11፦ አሃዞቹን ከቀኝ ጀምራችሁ አንዱን ደምሩ፣ ቀጣዩን ቀንሱ። ውጤቱ 0 ወይም የ11 ብዜት ከሆነ ይካፈላል።

አንድ ቁጥር ፕራይም መሆኑን ለማረጋገጥ ደግሞ እስከ ራሱ ድረስ ማካፈል አያስፈልግም። ከ121 በታች ከሆነ በ2፣ በ3፣ በ5 እና በ7 ብቻ ሞክሩ። ከ169 በታች ከሆነ 11ን ጨምሩ። ምክንያቱም ከ121 በታች ያለ ቁጥር ሁለት አካፋይ ቢኖረው ሁለቱም 11 እና ከዚያ በላይ ሊሆኑ አይችሉም፤ 11×11 ራሱ 121 ነውና ቢያንስ አንዱ ከ11 ያንሳል።

ደረጃ 5፦ ወደ አሃዞቹ ውረዱ

ቁጥሮቹ ባለሦስት ወይም ባለአራት አሃዝ ሆነው ቤተሰብ ካልታየባቸው ጨዋታው አሃዞቹ መሐል ነው። ድምራቸውን፣ ብዜታቸውን፣ የመካከለኛው አሃዝ ከዳርና ዳሩ ጋር ያለውን ዝምድና እዩ።

253፣ 374፣ 495፣ 563፣ 682። በ253 ላይ 2 እና 3 ሲደመሩ 5። በ374 ላይ 3 እና 4፣ 7። 495ም 682ም እንዲሁ። 563 ላይ ግን 5 እና 3 ሲደመሩ 8 ነው፣ መሐል ያለው 6። መልሱ 563። እግረ መንገዳችሁን ይህን ያዙ፦ መካከለኛው አሃዝ የዳርና የዳሩ ድምር የሆነ ባለሦስት አሃዝ ቁጥር ሁሉ በ11 ይካፈላል። ስለዚህ በደረጃ 4 የመጣ ሰውም እዚሁ ይደርሳል።

ደረጃ 6፦ ተከታታይ ከሆነ ልዩነቶቹን ጻፉ

በእያንዳንዱ ጥንድ መሐል ልዩነቱን አስቀምጡ። ተማሪዎች የሚያመልጣቸው አንድ ነገር አለ፦ መሐል ላይ ያለ አንድ ቁጥር ሲበላሽ ሁለት ልዩነቶች ይበላሻሉ፣ በግራው ያለውና በቀኙ ያለው። ስለዚህ ጎን ለጎን የተበላሹ ሁለት ልዩነቶችን ካያችሁ ጥፋተኛው በመሐላቸው ያለው ቁጥር ነው።

5፣ 11፣ 23፣ 47፣ 96፣ 191። ልዩነቶቹ 6፣ 12፣ 24፣ 49፣ 95። የመጀመሪያዎቹ ሦስት በእጥፍ እየሄዱ ነው፤ መቀጠል የነበረባቸው 48 እና 96 ነበሩ። አራተኛው በ1 በዝቷል፣ አምስተኛው በ1 አንሷል። በሁለቱ መሐል ያለው 96 ነው፤ በ95 ሲተካ ሁለቱም ይስተካከላሉ። ሕጉ በ2 ማባዛትና 1 መደመር ነው።

እዚህ ብዙ ሰው 191ን ይከባል። ከ96 ተነስቶ በ2 አባዝቶ 1 ሲደምር 193 ይመጣለታልና «የመጨረሻው ተሳስቷል» ይላል። ከተበላሸ ቁጥር ተነስቶ ማስላት ጤነኛውን ያስከስሳል። መድኃኒቱ ከሁለቱም ጫፍ መምጣት ነው፦ ከቀኝ ጀምራችሁ 191 ላይ 1 ቀንሱና ለ2 አካፍሉ፣ 95 ይመጣል።

የተበላሸው የመጀመሪያው ወይም የመጨረሻው ቁጥር ከሆነ ግን የሚበላሸው አንድ ልዩነት ብቻ ነው። አንድ ብቻ የተበላሸ ልዩነት ጫፍ ላይ ካያችሁ የጫፉን ቁጥር ያዙ።

ልዩነቶቹ ወጣ ገባ ካሉ፣ አንዴ ጨምረው አንዴ ቀንሰው ከሄዱ፣ ሁለት ተከታታዮች ተጠላልፈው ይሆናል። 3፣ 20፣ 6፣ 17፣ 12፣ 14፣ 24፣ 10 ላይ አንድ እየዘለላችሁ አንብቡ። 3፣ 6፣ 12፣ 24 እጥፍ ነው። 20፣ 17፣ 14፣ 10 ደግሞ በ3 እየቀነሰ መጥቶ መጨረሻ ላይ ሳተ፤ 11 መሆን ነበረበት። መልሱ 10።

ደረጃ 7፦ ጥንድና ሦስትዮሽ

ጥንድ ላይ ከሁለቱ አንዱን ከሌላው የሚያወጣ ስሌት ፈልጉ። በትንሹ ጥንድ አትጀምሩ፤ ትንንሽ ቁጥሮች በብዙ ሕግ ይስማማሉ። 2–4 ቢሰጣችሁ እጥፍም ነው፣ ስኩዌርም ነው፣ 2 መደመርም ነው። በትልቁ ብትጀምሩ ሕጉ ይጠባል። 6–37፣ 7–50፣ 8–63፣ 9–82 ላይ 9–82ን ስታዩ 81 እና 1 ወዲያው ይታያል። 36 እና 1፣ 49 እና 1 ይከተላሉ። 63 ግን ከ64 አንድ የተቀነሰ ነው፤ 8–63 ይወጣል።

ሦስትዮሽ ላይ መጀመሪያ መደመርን፣ ቀጥሎ ማባዛትን፣ ካልሆነ የስኩዌሮችን ድምር ሞክሩ። (3፣ 4፣ 5)፣ (5፣ 12፣ 13)፣ (7፣ 24፣ 26)፣ (8፣ 15፣ 17) ላይ የሁለቱ ትንንሾች ስኩዌር ድምር የትልቁ ስኩዌር ነው። 49 እና 576 ሲደመሩ 625፣ የ25 ስኩዌር፤ ስለዚህ 26 ያለበት ይወጣል።

ደረጃ 8፦ ሁለት መልስ ሲታያችሁ

ወደ ዋናው ጥያቄ መጣን። ሁለት ቁጥሮች በሁለት የተለያዩ ሕጎች ሲወጡ ምን ይደረጋል? በሚከተለው ቅደም ተከተል ዳኙ።

ሀ. ሕጉ «ናቸው» ብሎ ያልቃል ወይስ «አይደሉም»? በደረጃ 5 ምሳሌ 495 ብቻ በ5 ይካፈላል። ስለዚህ «የቀሩት በ5 የማይካፈሉ ናቸው» ማለት ይቻላል፤ ግን ይህ አራቱን አያስተሳስርም፤ የሌላቸውን ነገር ብቻ ይናገራል። «የቀሩት ሁሉ እንዲህ ናቸው» የሚል ሕግ «የቀሩት እንዲህ አይደሉም» ከሚለው ይቀድማል።

ለ. የትኛው ሕግ ይጠባል? 2፣ 5፣ 11፣ 15፣ 23 ላይ 2 ብቻውን ተጋማሽ ነው፣ 15 ብቻውን ፕራይም አይደለም። ከ1 እስከ 25 ካሉት ቁጥሮች ኢተጋማሾቹ 13 ናቸው፤ ፕራይሞቹ ግን 9። አራት ቁጥሮች በአጋጣሚ ሁሉም ኢተጋማሽ ሆነው መገኘታቸው ቀላል ነው፤ በአጋጣሚ ሁሉም ፕራይም መሆናቸው ግን ይከብዳል። ጠባቡ ሕግ አውጪው አስቦ ያስቀመጠው የመሆን ዕድሉ ይበልጣል። ስለዚህ 15 ይከበባል።

ጠንከር ያለ ምሳሌ እንይ፤ ጥርስ የሚያስነክሰው ይህ ነው፦ 12፣ 20፣ 30፣ 40፣ 56፣ 72።

አንዱ ተማሪ ይነሳና «30 ነው፤ የቀሩት ሁሉ በ4 ይካፈላሉ» ይላል። እውነቱን ነው። ሕጉም «ናቸው» ይላል። ሌላዋ «40 ነው፤ የቀሩት የሁለት ተከታታይ ቁጥሮች ብዜት ናቸው፣ 3×4፣ 4×5፣ 5×6፣ 7×8፣ 8×9» ትላለች። እሷም እውነቷን ነው። አሁን ቁጠሩ። እስከ 72 ድረስ የ4 ብዜቶች 18 ናቸው፤ የተከታታይ ብዜቶች 8 ብቻ። የሷ ሕግ ከግማሽ በታች ይጠባል። ተጨማሪ ማስረጃም አለ፤ ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ተጽፈዋል፣ 40 የተቀመጠውም በትክክል 42 መቀመጥ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ልዩነቶቹ 8፣ 10፣ 10፣ 16፣ 16 ናቸው፤ 42 ቢገባ 8፣ 10፣ 12፣ 14፣ 16 ይሆኑ ነበር። መልሱ 40።

ሐ. የአውጪውን እጅ ፈልጉ። 31፣ 37፣ 41፣ 51፣ 61 ላይ 37 ብቻ በ1 አያልቅም፤ 51 ብቻ ፕራይም አይደለም። ጠባብነት ብቻውን እዚህ አያድናችሁም፤ እስከ 61 ድረስ በ1 የሚያልቁት 7 ናቸው፣ ፕራይሞቹ 18፤ በዚያ ከሄድን 37 ሊከበብ ነው። ነገር ግን 51 ከታወቁት አስመሳዮች አንዱ ነው፤ አራት ፕራይሞች መሐል ሲገኝ ወጥመዱ የተዘረጋው እሱ ላይ እንደሆነ ይታያል። እኔ ብሆን 51ን እከባለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ጥያቄው ራሱ ያልተፈተሸ ነው፤ እንዲህ ያለ ሲገጥማችሁ ሦስት ደቂቃ አትስጡት። በአሃዝ መልክ ላይ የቆመ ሕግና በስሌት ላይ የቆመ ሕግ ሲጋጩ ስሌቱን ይዛችሁ እለፉ።

ደረጃ 9፦ ተክታችሁ አረጋግጡ

«የሚለየው ምን ቢሆን ኖሮ ይገባ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። በተከታታይና በጥንድ ላይ መልሱ አንድ ቁጥር መሆን አለበት፦ 96 በ95፣ 215 በ217፣ 63 በ65። የሚተካውን መናገር ካልቻላችሁ ሕጉን ገና አላገኛችሁትም። ብዙ ጊዜ የሚተካው ቁጥር ከተሳሳተው በ1 ወይም በ2 ብቻ ይርቃል፤ አውጪዎች ለዓይን እንዳይጎላ ብለው ትክክለኛውን ጥቂት ነው የሚያንቀሳቅሱት። የእናንተ ምትክ በ30 ከራቀ እንደገና እዩት። ልቅ ዝርዝር ላይ ይህ ደረጃ አይሠራም፤ እዚያ አራቱን አንድ በአንድ በሕጉ ማሳለፍ ይበቃል። አራቱን፣ ሦስቱን አይደለም።

ደረጃ 10፦ ሰዓት

የክፍሉን ደቂቃ ለጥያቄዎቹ ብዛት አካፍሉና ለአንዱ የሚደርሰውን እወቁ። ከዚያ ግማሹ እስኪያልፍ ምንም ሕግ ካልታያችሁ ምልክት አድርጋችሁ ዝለሉ። ተመልሳችሁ ስትመጡ ብዙ ጊዜ ቶሎ ይታያል። የተሳሳተ መልስ ነጥብ የማያስቀንስ ከሆነ ባዶ አትተዉ፤ የሚያስቀንስ ከሆነ ደግሞ መመሪያው ላይ ተጽፎ ይገኛል፣ ከመጀመራችሁ በፊት አንብቡት።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

- 1ን ፕራይም ማለት። አይደለም፤ አካፋዩ አንድ ብቻ ነው። 2 ደግሞ ፕራይም ነው፣ ተጋማሽ የሆነ ብቸኛው።
- 64ን በስኩዌርነቱ ብቻ ማወቅ። የ8 ስኩዌርም የ4 ኪዩብም ነው፤ በእጥፍ ቤተሰብ ውስጥም አለ። 8፣ 27፣ 64፣ 100፣ 125 ላይ «64 እና 100 ስኩዌር ናቸው» ብሎ የሚደናገር አለ። ሕጉ ኪዩብ ነው፣ የሚወጣው 100።
- ሁልጊዜ በተጋማሽና ኢተጋማሽ መጀመር። ሰፊው ሕግ ይህ ስለሆነ ሌላ ሲጠፋ ብቻ ነው የሚያዘው።
- ትልቁን ወይም ትንሹን ቁጥር በመጠኑ ብቻ መክበብ።
- ሦስት ቁጥር ላይ የሠራ ሕግን አራተኛው ላይ ሳይሞክሩ መቀበል። ይህን በጣም የማየው ቸኩለው በሚሠሩ ጎበዞች ላይ ነው።

መሞከሪያ

ሰዓት ያዙና ሥሩ። ከመልሱ ጎን ሕጉን ጻፉ።

1. 31፣ 37፣ 43፣ 51፣ 67
2. 121፣ 143፣ 169፣ 196፣ 225
3. 7፣ 26፣ 63፣ 124፣ 215፣ 340
4. 6፣ 13፣ 27፣ 55፣ 112፣ 223
5. 4–20፣ 6–42፣ 7–56፣ 9–81፣ 11–132
6. 432፣ 621፣ 342፣ 735፣ 531

መልሶች

1. 51፤ የቀሩት ፕራይም ናቸው፣ 51 ግን 3×17።
2. 143፤ የቀሩት የ11፣ የ13፣ የ14 እና የ15 ስኩዌሮች ናቸው። 196ን የከበባችሁ «ብቸኛው ተጋማሽ» ብላችሁ ይሆናል፤ ደረጃ 8 ለ የሚለውን ተመልከቱ። እስከ 225 ስኩዌሮቹ 15 ናቸው፣ ኢተጋማሾቹ 113።
3. 340፤ ኪዩብ ሲቀነስ 1 ነው፣ 342 መሆን ነበረበት።
4. 112፤ በ2 ማባዛትና 1 መደመር፣ 111 መሆን ነበረበት። 223ን የከበበ ከተበላሸው ቁጥር ተነስቶ አስልቷል።
5. 9–81፤ ቁጥሩ በቀጣዩ ቁጥር ይባዛል፣ 9×10 ደግሞ 90 ነው። 81 የ9 ስኩዌር መሆኑ ነው የሚያዘናጋው።
6. 735፤ የቀሩት አሃዞቻቸው ሲደመሩ 9 ናቸው፣ የ735 ግን 15።